አሶሳ ላይ የጎደለችው ነጥብ

ጡረታ በወጣሁ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ደህና ሽኝት አድርጎልኛል። ፍየል ታረደ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ጋቢም ትከሻዬ ላይ ተጣለልኝ። መድረክ መሪው ከኮሙኒኬሽን ክፍል የመጣ ጨዋታ አዋቂ ወጣት ነበር። ማይኩን ጨብጦ «አሁን ደግሞ አንጋፋውን የሬዲዮ ባለሙያ ጋሽ ደረጀን፣ በሌላ ስማቸው ቀባሪውን፣ ወደ መድረክ እጋብዛለሁ!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። በዚህ ስም ስጠራ እየሳቅሁ ነው ያረጀሁት።

ወደ ቦታዬ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠች የሒሳብ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ቀባሪው የሚሉዎት? የዕድር ዳኛ ነበሩ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። «እንደዚያ ነገር» ብያት አለፍኩ። ነገሩን ያዩት ሰዎች ከመሥሪያ ቤቱ አልቀው ስሙ ብቻ ቀርቷል። ስሙ ለብቻው ሲሰማ ቀልድ ይመስላል። ቀልድ ግን አልነበረም።

እኔ የነቀምት ልጅ ነኝ። ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ፓዌ ነው። እዚያ የወሎውም የከምባታውም ሰፋሪ መልእክቱን በየራሱ አማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ አስተካክዬ እልካለሁ። ቀጥሎ ወደ ወምበራዋ ደብረ ዘይት ተዛወርኩ። የዝውውር ደብዳቤዬ አዲስ አበባ አጠገብ ወዳለችው ደብረ ዘይት ሄዶ፣ እዚያ ያለ አንድ ጸሐፊ «እንዲህ የሚባል ሰው አልመጣም» ብሎ መልሶታል። በስም መመሳሰል ስንት ነገር እንደሚበላሽ ያኔ ልማር ይገባኝ ነበር። ሳቅሁና ረሳሁት።

ክልሉ ሲመሠረት አሶሳ ገባሁ። ያን ጊዜ በአሶሳ ቢሮ የሚከፈተው ታፔላው ቀድሞ ተሰቅሎ ወንበሩ በኋላ እየመጣ ነው። የእኛ ሬዲዮ ክፍል ግን ወንበርም አለቃም ነበራት። አለቃዬ ጋሽ ታምሩ የቀድሞ ጦር የመገናኛ ሰው ናቸው። የሚኮሩ፣ ጭቃ በበዛበት ክረምት እንኳ ጫማቸውን እንደ መስታወት የሚወለውሉ፣ ሞርስ ሲመቱ ትንሿን ጣታቸውን ወደ ላይ የሚያነሱ ሰው ነበሩ። «እጄ ፊርማዬ ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። በየወረዳው ያለ ኦፕሬተር ሁለት ፊደል እንደሰማ ጋሽ ታምሩ መሆናቸውን ያውቃል።

በደህናው ቀን በድምፅ ነው የምንነጋገረው። ክረምት ሲገባና ሰማዩ ሲያጓራ ግን ድምፅ አይሰማም። የሚያልፈው ሞርስ ነው፣ ነጥብና ሰረዝ፣ ቲትና ታ። በእኛ መሥመር አማርኛውን የምንልከው በላቲን ፊደል ስለነበር ቀ እና ከ አንድ ናቸው፣ ጠ እና ተም አንድ ናቸው። ሰው መጣ ይሁን ሰው መታ፣ ተቀባዩ ከነገሩ አካሄድ ነው የሚለየው። ስለዚህ ጋሽ ታምሩ ሁለት ነገር ላይ ድርቅ ይላሉ። አንደኛው ን ነው። ሌሎቻችን ጊዜ ለመቆጠብ እንደ ን ያለችውን ትንሽ ፊደል እንጥላለን። እሳቸው «ን አንድ ሰረዝና አንድ ነጥብ ናት። ምን ከበደህ? ማን ማንን እንዳደረገ የምትነግርህ እሷ ናት» ይላሉ። ሁለተኛው፣ መልእክት ልከው ሲጨርሱ ተቀባዩ የመጨረሻውን ቃል መልሶ እንዲመታላቸው ሳያደርጉ ከወንበራቸው አይነሱም።

«አማርኛ ነገሩን የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው» ይሉኛል። «በላ ይሁን ተበላ፣ ዳነ ይሁን ሞተ፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል አታውቅም። እሷን ሳትሰማ ከሄድክ ምንም አልላክህም።»

እኔ ይህን እንደ ሽማግሌ ንዝንዝ ነበር የምሰማው። ምክንያቱም ኮምፒዩተር መጥቶልኛል።

ኮምፒዩተሩ የመጣው ለመምሪያው ደብዳቤ መጻፊያ ነው። ማያው ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ። ታይፒስቷ ስትወጣ እኔ እገባለሁ። ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣ አንድ የሒሳብ መምህር ስለ አሴምብሊ የተጻፈ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ አውሶኝ ነበር። አሴምብሊ ማሽኑን በራሱ አፍ ማናገሪያ ቋንቋ ነው። «ይህን ቁጥር እዚህ አኑር፣ አንድ ቀንስ፣ ዜሮ ካልሆነ ተመለስ» ከማለት የዘለለ ነገር አያውቅም። እኔ ግን ፍቅር ያዘኝ። በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ስፒከር አለች። ክፈት ስትላት ትጮኻለች፣ ዝጋ ስትላት ዝም ትላለች። ከፍተህ ጥቂት ብትጠብቅ ነጥብ ነው፣ ሦስት እጥፍ ብትጠብቅ ሰረዝ ነው። ሞርስ ማለት ደግሞ ከዚህ ሌላ ምን አለው?

እያንዳንዱን ፊደል በአንዲት ቁጥር ቋጠርኩት። ነጥቡ ዜሮ፣ ሰረዙ አንድ፣ ከኋላው ደግሞ ፊደሉ እዚህ አለቀ የሚል ምልክት። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ከፊት እየቆነጠረ፣ ዜሮ ሲያገኝ አጭር፣ አንድ ሲያገኝ ረዥም ያስጮኻል። በአጭሩ በእጅ ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ስለ ትንሽነቱ መኩራቴን አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። አንዲት ትእዛዝ በቀነስኩ ቁጥር ሰው እየጠራሁ አሳይ ነበር፣ የማይገባቸውን ሁሉ። የሬዲዮውን ማይክ ስፒከሯ ላይ ደገፍ ሳደርገው ድምፁ ጥርት ብሎ ይሄዳል። «አሶሳ፣ አሶሳ» እያልኩ ሞከርኩት። ባምባሲ ያለው ጓደኛዬ «ይህ የማን እጅ ነው? እንዲህ እኩል የሚመታ ሰው አላውቅም» ብሎ ሲጠይቀኝ ልቤ አበጠ።

ለጋሽ ታምሩ ሳሳያቸው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ሲሳሳትስ በምን ይታወቃል?» አሉኝ። «ማሽን አይሳሳትም» አልኳቸው። ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ቃል በቃል።

በዚያ ሰሞን ከፌዴራል እንግዶች መጡ። የመምሪያ ኃላፊው ስለ ፕሮግራሙ ሰምቶ ስለነበር «ደረጀ፣ ለእንግዶቹ አሳያቸው» አለኝ። ጋሽ ታምሩ የዚያን ቀን የተበላሸ ባትሪ ለመቀየር ባምባሲ ወርደዋል። እውነቱን ለመናገር አለመኖራቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

የሚላክ እውነተኛ መልእክትም አልጠፋም። ኢድሪስ የሚባል የሸርቆሌ ገበሬ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ጭኑ ተሰብሮ በጭነት መኪና አሶሳ መጥቷል። ሐኪም ቤቱ ካልተቀበለው ወደ ነቀምት ሊላክ ነው፣ ቤተሰቡ ደግሞ ለዚያ የሚሆን አቅም የለውም። አባቱ አቶ ረመዳን በወረዳው ሬዲዮ ሲያስጠይቁ ሰንብተዋል። የወረዳው ኦፕሬተር ባቢኪር፣ የበርታ ልጅ፣ ጆሮው የተመሰከረለት፣ ጥያቄውን ጠዋት ልኮልኛል። «ኢድሪስን አሶሳ ተቀበለው ወይ?» ሐኪም ቤት ደውዬ ጠየቅሁ። ተቀብለውታል፣ እግሩም በጄሶ ታስሯል።

እንግዶቹ ከኋላዬ ቆመዋል። መልእክቱን ወደ ፕሮግራሙ አስገባሁ። አጭርና ቆንጆ እንዲሆን «ኢድሪስን» ያለውን «ኢድሪስ» አደረግሁት፣ «ተቀበለው» ያለውንም «ተቀበለ»። «ኢድሪስ አሶሳ ተቀበለ።» ማይኩን አስጠግቼ አዘዝኩት። ኮምፒዩተሩ ቲት ታ ቲት እያለ ሲያወራ እንግዶቹ በአድናቆት ተያዩ። እኔ ሞርስ በእንቅልፌም የምሰማ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ያለው እንግዶቹ አፍ ላይ ነው።

ባቢኪር በሞርስ መምቻው «የመጨረሻ ቃል ድገም» አለ። የመጨረሻውን ቃል ማጣራት ጋሽ ታምሩ ያስለመዱት ነው። መልሶ እንዲመታልኝ ማድረግ ሲገባኝ ፕሮግራሙን ደግሜ አስኬድኩት። አሁንም «ድገም» አለ። ደግሜ አስኬድኩት። ከእንግዶቹ አንዱ «አልገባውም እንዴ?» ሲል «አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፣ ትንሽ ይከብደዋል» አልኩ። ተሳሳቁ። ባቢኪር «ተቀብያለሁ» ብሎ ዘጋ። እንግዶቹም ጨበጡኝ።

ከሦስት ቀን በኋላ የሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ጭቃ በጭቃ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ አካፋ ተሸክመዋል።

«ደረጀ አንተ ነው?»

«አዎ አባት፣ ይግቡ።»

«እኔ ረመዳን ነው፣ ኢድሪስ አባት። መቃብሩ የት ነው? አሳየኝ።»

«የምን መቃብር?» አልኳቸው።

«ኢድሪስ መቃብር። አንተ ቀበረ አልክ አይደለም? ዝናብ ነው። ጉድጓድ አጭር ከሆነ ጅብ ያወጣል። እኔ መጣሁ፣ አካፋ ይዤ። ብቻ አሳየኝ።»

እጃቸውን ይዤ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። መንገዱን ሙሉ አካፋውን ልያዝልዎ ብላቸውም አልሰጡኝም። ኢድሪስ አልጋው ላይ ተደግፎ ፓፓያ ይበላ ነበር። አባቱን ሲያይ ደስ ብሎት ቀና አለ፣ ወዲያው ደግሞ አካፋውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። አቶ ረመዳን ጄሶውን ዳሰሱ፣ ጭንቅላቱን ዳሰሱ፣ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው ፊታቸውን በቆባቸው ሸፈኑ። እስኪገልጡት ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅሁ። ቢመቱኝ እወድ ነበር።

ፊታቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የተናገሩት «እናቱ ቤት ነው። ያለቅሳል። ልብሱን ሁሉ ለሰደቃ ሰጠ። እናቱ አሁን አያውቅም» ነው።

ወደ ሬዲዮ ክፍል ሮጥን። ሰማዩ ጠቁሮ መብረቁ ይፈነዳል። በድምፅ ሞከርኩ። በጩኸቱ መሀል ባቢኪር ለጥቂት ተሰማኝ፣ እኔም «አሳስተህ ነው የሰማኸው! ተቀበለ ነው ያልኩህ! ምን ዓይነት ጆሮ ነው ያለህ?» ብዬ ጮህኩበት። መልሱ ሳይመጣ መሥመሩ በዝናቡ ተዋጠ። መስማት አለመስማቱን እንኳ አላወቅሁም። ኃላፊው ጩኸቱን ሰምቶ ገብቶ ስለነበር ወደሱ ዞሬ «አማርኛ ባለመቻሉ ነው» አልኩ። አቶ ረመዳን አካፋቸውን ደገፍ እንዳሉ ቀና ብለው አዩኝ።

«ባቢኪር አማርኛ ይችላል» አሉ። «እኔ ነው የማይችል።»

ጋሽ ታምሩ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶባቸው ሰንብተው ከባምባሲ የገቡት በዚህ መሀል ነው። ጫማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጭቃ ለብሶ አየሁት። ነገሩን ከኃላፊው ሰሙና ወደኔ መጡ።

«አጫውተው» አሉኝ።

ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«ኤል የት አለች?»

«ተቀበለ ውስጥ…»

«የለችም። የሰማሁት አር ነው። ራስህ ስማ እስቲ።»

ሰማሁ። ሞርስ ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ኤል ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ነጥብ ናት። አር ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ነጥብ ናት። መጨረሻ ላይ ባለች አንዲት ነጥብ ብቻ ነው የሚለያዩት። የኤልን ቁጥር ስቋጥር ያቺን ነጥብ ረስቻታለሁ። ፕሮግራሜ ኤልን ባገኘ ቁጥር አር እያለ ይጮኻል። በሙከራዬ «አሶሳ» ውስጥ ኤል የለችም፣ በመልእክቱ ውስጥ ያለችው አንዲት ኤል ደግሞ መጨረሻው ቃል ላይ ናት። ተቀበለ ያልኩት ተቀበረ ሆኖ ሄዷል። ኢድሪስ አሶሳ ተቀበረ። ን ብትኖር እንኳ ባቢኪር ይጠረጥር ነበር፣ «ኢድሪስን ተቀበረ» የሚባል አማርኛ የለምና። እሷንም እኔው ጥያታለሁ። እስላም ደግሞ በሞተበት ቀን ነው የሚቀበረው፣ ቤተሰቡ ሳይደርስ አሶሳ መቀበሩ ማንንም አይገርምም። ሰው በእጁ ሦስት ጊዜ ሲደግም አንዱን እንኳ በትክክል ይመታዋል። ማሽኔ ግን ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ስሕተት አንድም ሳያዛንፍ ነገረው። ያ በእንግዶቹ ፊት የተሳቀበት ሰው፣ የሰማውን ማመን አቅቶት ነበር ሁለት ጊዜ ድገም ያለው።

እኔ አሁንም አፌን አልያዝኩም። «እሺ፣ ግን እኮ ተከበረ ብሎም ማንበብ ይችል ነበር» አልኩ። በላቲን ፊደል ያው ነው ለማለት ነው።

ጋሽ ታምሩ ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ሂድና ለእናቱ ተከበረ በላት!» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወንበሩን ሳቡልኝ። «ና ተቀመጥ። በእጅህ ምታ። ስሕተቱ የማን እንደሆነም ጨምር።»

«እርስዎ ቢልኩት አይሻልም? እጄ…»

«የኔን እጅ ሁሉም ያውቀዋል። ያንተን ይወቁት።»

የክልላችን ጣቢያ ሁሉ አንድ መሥመር ላይ ነው የሚያዳምጠው። ፓዌም፣ ደብረ ዘይትም፣ ባምባሲም ይሰማሉ። ከኮምፒዩተሩ ጋር ስከርም ከርሜ እጄ መምቻውን ረስቶታል። ላብ በላብ ሆኜ መታሁ። «ኢድሪስን አሶሳ ተቀበለው። ኢድሪስ ደህና ነው። አባቱ አይቶታል። ስሕተቱ የኔ የደረጀ ነው።» ኤሏ ላይ ስደርስ ነጥቦቿን አንድ በአንድ መታሁ፣ ፊደል እንደሚማር ሕፃን። «የመጨረሻውን ቃል መልስልኝ» አልኩት፣ ቀጥዬም «ተቀበለው የሚለውንም።»

ባቢኪር ሁለቱንም መለሰልኝ። የሄደ መስሎን ስንተያይ እንደገና መምታት ጀመረ፣ ቀስ ብሎ።

«ስለዚህ ጆሮዬ ደህና ነው?»

ጩኸቴ ደርሶት ነበር ማለት ነው። ሲሳደቡበት ሰምቶ፣ ጆሮውን ሲጠረጥር ነበር ማለት ነው። የሬዲዮ ሰው ጆሮውን ከጠረጠረ ምን ቀረው? «ደህና ነው» ብዬ መታሁለት፣ ደግሜም «ደህና ነው» አልኩት። እንባዬ መጣ። አቶ ረመዳን ሞርስ ባይገባቸውም ፊቴን አይተው መልእክቱ መድረሱን አወቁ፣ አካፋቸውንም ይዘው ወጡ።

በማግስቱ መሥመሩ ሲከፈት ፓዌ «ደህና አደርክ ቀባሪው» አለኝ። ስሙ ከዚያ ጀምሮ ነው።

ኢድሪስ ሲድን ጋሽ ታምሩ «አንተ አድርሰው» አሉኝ። በጭነት መኪና ሸርቆሌ ደረስን። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቷል። የሞተ ሰው ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደሚባል ስለማይታወቅ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። ልብሱን በሰደቃ ያገኙ ጎረቤቶቹ ሸሚዙን ለብሰው ነበር የተቀበሉት። እኔ ከመኪናው መውረድ አፍሬ ቆየሁ። ባቢኪር መጥቶ በሩን ከፈተልኝ። በዓይን ያየሁት ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት «ሰማሁ እኮ፣ ሁሉ ሰማ። በቃ» አለኝ።

ምግብ ቀረበ። የኢድሪስ እናት አማርኛ አይሰሙም። በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቁ፣ ባቢኪር ተረጎመልኝ።

«ልጇን የገደለው ድምፅ እንዴት ነው የሚለው ትልሃለች። ያዳነውስ? አሰማኝ ትላለች።»

ባቢኪር ጠጋ ብሎ በጣቱ የተቀመጥንበትን አልጋ እንጨት መታ። አጭር፣ ረዥም፣ አጭር። «ይህ ተቀበረ ነው» አላቸው በቋንቋቸው። ከዚያ እንደገና መታ። አጭር፣ ረዥም፣ አጭር፣ አጭር። «ይህ ደግሞ ተቀበለ ነው።» እናቲቱ ጆሯቸውን አዘንብለው ሁለቱንም ሰሙ። አስደገሙት። ልዩነቱ ሲገባቸው እጄን ሳቡና የእጄን ጀርባ በጣታቸው መቱት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቀና ብለውም አዩኝ።

ባቢኪር «ይቺ ብቻ ናት? ነው የምትልህ» አለኝ።

«ይቺ ብቻ ናት» አልኩ።

ፕሮግራሙን አስተካክዬዋለሁ፣ ግን መልእክት አልላክሁበትም። ጋሽ ታምሩ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም፣ ያ ደግሞ ከስድብ ይከብድ ነበር። በኋላ ስልኩ በየወረዳው ገባ፣ ሬዲዮ ክፍሉም ተዘጋ፣ እኔም ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሆኜ ቀረሁ። የኢድሪስ እናት ማንጎ ይዘው አሶሳ ገበያ ሲመጡ አልፎ አልፎ እንገናኝ ነበር። ቋንቋ ስላልነበረን እጄን ይዘው በጣታቸው አንድ ጊዜ ይመቱኝ ነበር። ወቀሳ ይሁን ሰላምታ ለይቼ አላውቅም። በመቱኝ ቁጥር ግን አፍር ነበር፣ ሳያገኙኝ ሲሄዱም ይከፋኝ ነበር።

ከሽኝቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ባቢኪር ደወለልኝና የኢድሪስ እናት ማረፋቸውን ነገረኝ። ሸርቆሌ ስደርስ ቀብሩ ላይ ደረስኩ። ወንዶቹ እየተቀባበሉ አፈር ይመልሳሉ። እኔ ስሜን ስለማውቅ ከኋላ ቆሜ ነበር። ኢድሪስ አየኝ። እያነከሰ በሰዎቹ መሀል መጣና ያንን የአባቱን አካፋ ዘረጋልኝ።

«ቀባሪው፣ አንተ ና» አለኝ። «ዛሬ እውነት ነው።»

ማንም አልሳቀም። አካፋውን ተቀብዬ ትከሻዬ እስኪዝል አፈር መለስኩ፣ ጅብ እንዳያወጣቸው አጠበቅሁት። ስጨርስ በአካፋው ጀርባ አፈሩን አንድ ጊዜ መታሁትና ለኢድሪስ መለስኩለት።